ስለ ወፍ ተመልካቾች ወዳጅነትና ስለ ቃላቸው መታመን

በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ የፈረንጆች ጥር ወር ሊያልቅ ሲል በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ያልተለመደ ሥራ ይሠራል። አባትና እናት፥ ልጆችና አያት ወንበራቸውን ወደ መስኮት አስጠግተው፥ ወረቀትና እርሳስ ይዘው፥ አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ አትክልት ቦታቸው ሲመለከቱ ይቈያሉ። የሚመለከቱትም ወፍ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ያዩትን የወፍ ዓይነትና ቍጥር ጽፈው ንጉሣዊ የወፎች ጥበቃ ማኅበር ለሚባለው ይልካሉ። በዚህ ጽሕፈት የምናነሣውን ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መጻፋችንን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ይህ ቈጠራ በ1979 በተጀመረ ጊዜ ለሕፃናት የታሰበ ጨዋታ ነበር፤ በቴሌቪዥን በሚታይ የልጆች ፕሮግራም ላይ ቢነገር፥ ከታሰበው እጅግ የበለጠ፥ ከ30,000 በላይ የሚሆን ወረቀት ወደ ማኅበሩ ጐረፈ። ዛሬ በየዓመቱ የሚቈጥሩት ሰዎች ከ500,000 ይበልጣሉ። ደንቡም አጭር ነው። በአየር ላይ አልፋ የሄደች ወፍ አትጻፍም፤ የምትጻፈው ያረፈችው ናት። ደግሞም በሰዓቱ ውስጥ የመጡትን ሁሉ መደመር አይፈቀድም፤ የሚጻፈው በአንድ ጊዜ አብረው ከታዩት ከፍ ያለው ቍጥር ብቻ ነው፤ ይኸውም አንዲት ድንቢጥ ሄዳ ስትመለስ ሁለት ሆና እንዳትቈጠር ነው። በዚህ ምክንያት በየቤቱ ክርክር አይጠፋም። ልጁ ሰባት ነበሩ ይላል፤ አያቱ አምስቱን እንጂ አላየሁም፥ የቀሩት ሁለቱ ቅጠል ናቸው ይላሉ፤ እናት ታስታርቃለች፤ በመጨረሻም አምስት ተብሎ ይጻፋል።

ከዚህ ከሚመስለው የመስኮት ጨዋታ የተገኘው ዕውቀት ግን ቀላል አይደለም። የቤት ድንቢጥ ከብዙ ዓመት ጀምሮ በቍጥር አንደኛ ሆና ትገኛለች፤ ነገር ግን በ1979 በአንድ አትክልት ቦታ በመካከለኛው አቈጣጠር 10 ያህል ትታይ የነበረችው፥ አሁን ከዚያ እኩሌታ እንኳ አትሞላም። በየጣሪያው ሥር ስትንጫጫ ሰው ሁሉ የሰለቻት ወፍ እንዲህ እየጐደለች መሄዷን ቀን በቀን የሚያያት ሰው አላስተዋለም፤ የተገለጠው ወረቀቱ ከዓመት ወደ ዓመት ሲተያይ ነው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከአንድ መንደር የተላከውን «አምስት ድንቢጥ» የሚለውን ቃል ማን ቆሞ አይቶ ይመሰክርለታል? ማንም። የወፍ ዕውቀት ከሌላው ዕውቀት የሚለይበት ነገር ይህ ነው። ድንጋይ ቢሆን ተነሥቶ ይታያል፤ አበባ ቢሆን ተቀጥፎ ይቀመጣል፤ ወፍ ግን በርራ ትሄዳለች፥ የሚቀረውም የተመልካቹ ቃል ነው። ስለዚህ ወፍ ተመልካቾች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚተዋወቁ፥ እንዴት እንደሚጫወቱና እንዴት እንደሚተማመኑ መናገር የተገባ መስሎ ታየን።

በእንግሊዝ አገር በባሕር ዳርና በረግረግ አጠገብ ከሳንቃ የተሠሩ፥ በፊት ለፊታቸው ጠባብ መስኮት የተቈረጠላቸው ትንንሽ ጎጆዎች አሉ። ተመልካቾቹ ወፉ እንዳይደነግጥ በዚያ ውስጥ ተሸሽገው በመነጽር ይመለከታሉ። ወደ ጎጆው የሚገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ምን ጊዜም አንድ ነው።

«ምን አለ?»

«ብዙም የለ። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ከዞረ ነገ ይሻላል።»

«ባለቤትህ እንዴት ሰነበቱ?»

«እግዜር ይስጥልኝ፥ ከአልጋ ተነሥተዋል። ከመስኮት ሆነው ይቈጥራሉ።»

ከዚህ በኋላ በቴርሞስ የመጣው ሻይ ይቀዳል፤ ዳቦ ይቈረሳል። ስለ ነፋስ፥ ስለ ጕልበት ሕመም፥ ስለ ልጅ ሠርግ፥ ደግሞም ባለፈው ሳምንት ስላመለጠች ወፍ ይወራል፤ ያመለጠችው ወፍ በየጊዜው ስትወራ ውበቷ እየጨመረ መሄዱ የታወቀ ነው። ዳኛውና የአውቶቡስ ነጂው በአንድ አግዳሚ ላይ ጐን ለጐን ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ዐሥር ዓመት ሙሉ ወዳጅ ሆኖ መኖር ይችላል። በአገራችን ለማዕርግና ለዕድሜ ቦታ መልቀቅ ጥንት የነበረ ልማድ ስለ ሆነ ይህ ነገር ለአንዳንድ ሰው ደስ ላይለው ይችላል። በጎጆው ውስጥ ማዕርግ የለም ማለታችን ግን አይደለም። ከፍ ያለውን ቦታ የሚያገኘው ያላየውን አየሁ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። እርሱ «አላወቅኋትም» ባለ ጊዜ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። በአንጻሩ ደግሞ በየጊዜው ብቻውን ሲሆን ብቻ ብርቅ ወፍ የሚታየው ሰው አለ፤ እንዲህ ላለው ሰው የሚሰጡት የንቀት ስም አላቸው፥ ስሙም አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ በቀላሉ አይለቅም።

ይህን ማኅበራዊ ኑሮ ከጀመሩት መካከል ሴቶች ፊተኞች መሆናቸውን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ከላይ ያነሣነው የወፎች ጥበቃ ማኅበር በ1889 በማንችስተር አጠገብ በወይዘሮ ኤምሊ ዊልያምሰን የተቈረቈረ ነው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ወይዛዝርት በባርኔጣቸው ላይ ላባ፥ አንዳንድ ጊዜም የወፉን በድን በሙሉ ያኖሩ ነበርና፥ ለዚሁ ጌጥ ሲባል ወፍ ያለ ልክ ይፈጅ ነበር። ወይዘሮዪቱ ጓደኞቻቸውን በሻይ ሰብስበው ለምግብ ካልታረደ ወፍ የተገኘ ላባ ላለመልበስ ቃል አስገቡ፤ ከዚህ ደንብ የተተወችው ሰጎን ብቻ ነበረች። ማኅበሩ በ1904 ንጉሣዊ የሚለውን ስም አገኘ፤ የላባ ንግድን የሚከለክለው ሕግ ግን እስከ 1921 ድረስ አልወጣም። ከሻይ ጠረጴዛ እስከ ሕግ 32 ዓመት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ወሬው እንመለስ። በኖርፎክ አውራጃ ክሌይ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ናንሲ ካፌ የሚባል ትንሽ ምግብ ቤት ነበረ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመቶች በእንግሊዝ አገር ያሉ ወፍ ተመልካቾች ሁሉ የዚህን ቤት ቴሌፎን ቍጥር በቃላቸው ያውቁ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብርቅ ወፍ ያየ ሰው ወደዚያ ይደውላል፤ የት ምን እንደ ታየ ማወቅ የሚፈልግም ወደዚያው ይደውላል። ቴሌፎኑ ሲጮኽ የሚያነሣውም የቤቱ አሳላፊ ሳይሆን ለቴሌፎኑ ቀርቦ የተቀመጠው ወፍ ተመልካች ነበር። ስለዚህ በዚያች ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሾርባው ሳይቀዘቅዝ አይበላም ነበር። ከሩቅ አገር የሚደውለውን የማያውቀውን ሰው እያነጋገረ፥ የሰማውን እየጻፈ፥ የተጻፈውን እያነበበ ይውላል። ከሁሉ በፊት የሚጠይቀውም «ማን አየው?» ብሎ ነው። ስሙ የታወቀ ሰው ከሆነ ከምግብ ቤቱ ግማሹ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ወደ መኪናው ይሮጣል፤ ስሙ ካልታወቀ ግን ሻይ ይጨመራል።

ይህ ምግብ ቤት በ1988 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ወሬው በቴሌፎን ላይ በተቀዳ ድምፅ፥ ቀጥሎም በኪስ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ፥ ዛሬም በእጅ ስልክ ይተላለፋል። የፍጥነቱን ጥቅም ማንም አይክድም። እኛ ግን እንዲህ ባለ ነገር ላይ የተናጋሪውን ድምፅ መስማት ያለውን ጥቅም አንንቅም፤ ሰው ሲጠራጠር ድምፁ ያስታውቃልና።

የወሬው ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ በ1989 በየካቲት ወር በኬንት አውራጃ ላርክፊልድ በምትባል መንደር የሆነው ያስረዳል። አንድ ወፍ ተመልካች ደብዳቤ ፖስታ ቤት ሊጥል ሲሄድ በአጥር ላይ አንዲት ክንፏ ወርቅ የሚመስል ትንሽ የአሜሪካ ወፍ አየ። ይህች ዓይነት ከዚያ በፊት በአገሪቱ ታይታ አታውቅም ነበር። ወሬው በተሰማ ጊዜ በቅዳሜና በእሑድ በሺህ የሚቈጠር ሰው መጥቶ የመንደሩን መንገድና የአንድ ትልቅ ሱቅ የመኪና ማቆሚያ ሞላው። ሕዝቡን ያየ ሰው ንጉሥ የሚያልፍ ሳይመስለው አይቀርም፤ ክብደቷ ግን ዐሥር ግራም እንኳ አይሞላም።

ቀድሞ ግን የሰው ቃል እንዲህ አይታመንም ነበር። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አንድ ሰው ብርቅ ወፍ አየሁ ቢል «በድኑን አምጣ» ይባላል፤ ስለዚህም የወፍ ሊቅ ሁሉ ጠመንጃ ያዥ ነበር። የተገደለችው ወፍ ቈዳዋ ተገፎ፥ ሆዷ በገለባ ተሞልቶ በመስተዋት ሣጥን ትቀመጣለች፤ ይህም የማይሻር ምስክር ይባል ነበር።

ምስክሩ ግን ሊሻር የሚችል ሆኖ ተገኘ። በደቡብ ባሕር ዳር ሄስቲንግስ በምትባለው ከተማ አካባቢ፥ ከ1892 እስከ 1930 ባለው ዘመን፥ በእንግሊዝ አገር ከቶ ታይተው የማያውቁ ወይም እጅግ ብርቅ የሆኑ ወፎች ተገደሉ እየተባለ ብዙ በድን ወጣ። አብዛኛው ያለፈው በዚያው አካባቢ ወፍ እያበጀ በሚሸጥ በአንድ ባለሱቅ እጅ ሲሆን፥ የሚገዙትም ገንዘብ ያላቸው ሰብሳቢዎች ነበሩ። የአንዱ አውራጃ ዕድል እንዲህ መብዛቱ ቀስ በቀስ ጥርጣሬ አስነሣ። በመጨረሻም በ1962 ማክስ ኒኮልሰንና ጄምስ ፈርጉሰን ሊስ የተባሉት ሊቃውንት «ብሪቲሽ በርድስ» በሚባለው መጽሔት ነገሩን መርምረው አወጡ፤ ጆን ኔልደር የሚባለው የቍጥር ሊቅም በዚያው ዘመን በአጐራባቹ አገር የተገኘውንና በኋለኛው ዘመን በዚያው ሥፍራ የታየውን አስተያይቶ፥ እንዲህ ያለ ብዛት በተፈጥሮ ይሆናል ተብሎ ሊታመን እንደማይችል አስረዳ። ወፎቹ እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን ከባዕድ አገር ሞተው የመጡ ናቸው የሚል ጥርጣሬ ጸና። ከዚህም የተነሣ 29 ያህል የወፍ ዓይነትና ንኡስ ዓይነት ከአገሪቱ መዝገብ ተሰረዙ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በኋላ ዘመን በሌላ ሥፍራ በእውነት ስለ ታዩ ተመልሰው ተጽፈዋል። ባለሱቁ በሕይወቱ ሳለ ነገሩን ክዶ ነበር፤ በ1947 ስለ ሞተ ግን በ1962 ቆሞ መከራከር አልቻለም። የሰው ክርክር ሲጻፍ ባለበት ቤት የኖረ ሰው ምንም እንኳ ማስረጃው ቢያጠግበው፥ ተከሳሹ በሌለበት የተሰጠ ፍርድ ሳይከነክነው አይቀርም።

እንግዲህ በእጅ የተያዘው በድን እንዲህ ሲያታልል፥ የተመልካች ቃል በምን ሥርዓት ይመዘን የሚለው ጥያቄ ጸና። ለዚህም ጉዳይ ዐሥር ሰዎች ያሉበት የብርቅ ወፎች ሸንጎ በ1959 ተቋቁሞ ነበር። ብርቅ ወፍ ያየ ሰው ያየውን ሁሉ ለዚህ ሸንጎ ጽፎ ይልካል፤ ምን ያህል ሜትር ያህል ራቀች? ብርሃኑ ከወዴት ነበር? ስንት ደቂቃ ታየች? እግሯ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? ምን ብላ ጮኸች? ማን አብሮህ ነበር? አሁን ፎቶግራፍ በየሰው እጅ ስላለ ሥራው ቀሏል፤ ያን ጊዜ ግን የነበረው ጽሕፈት ብቻ ነው። ሸንጎው አልቀበልም ያለ እንደ ሆነ የጻፍኸው አይበቃም ማለቱ ነው እንጂ ዋሽተሃል ማለቱ አይደለም። ይሁን እንጂ እግሯን ረስቶ ሳይጽፍ የቀረ ሰው ለዓመታት ቂም ይዞ እንደሚኖር፥ ከሸንጎው ሰዎችም ጋራ በአንድ ጎጆ ተቀምጦ ሻይ ላለመጠጣት እንደሚምል ማሰብ አያስቸግርም። ወዳጅነቱ የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው።

የወዳጅነቱን ጽናት ከሁሉ ይልቅ ያሳየው ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በጀርመን አገር ቫርቡርግ በተባለው የምርኮኞች ሠፈር የተገናኙ የእንግሊዝ መኰንኖች ነበሩ፤ ጆን ባክስተን በ1940 በኖርዌይ፥ ፒተር ኮንደር በዚያው ዓመት በፈረንሳይ፥ ጆርጅ ዋተርስተን በ1941 በቀርጤስ ደሴት የተማረኩ ናቸው። ከሽቦው ወጥተው መሄድ ባይችሉም ወፍ በሽቦው ላይ ታርፋለችና፥ የሲጋራ ወረቀት ሳይቀር ያገኙትን ሁሉ እየሰበሰቡ ያዩትን ይጽፉ ጀመር። ኮንደር ክንፏ ቢጫ ያለባትን አንዲት ትንሽ ወፍ ተከታተለ። ባክስተን ጅራቷ ቀይ የሆነችውን መረጠ፤ በ1943 በበልግ አንድ ጥንድ የዚህችን ወፍ ከጓደኞቹ ጋራ እየተፈራረቀ ከ800 ሰዓት በላይ ተመለከተ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካል፤ ከተቀመጠበት ሲነሣም ያየውን ያስረክባል። እንግዲህ ከ800ው ሰዓት ውስጥ ባክስተን በገዛ ዓይኑ ያላየው ብዙ ነው፤ ስለ ወፊቱ በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ግን የወዳጆቹ ዓይን እንደ ራሱ ዓይን ሆኖ ገብቷል። ወፊቱም ብርድ ሲሆን ወደ አፍሪካ ትወርዳለች፤ በአገራችንም ታልፋለች።

ይልቁንም የሚያስገርመው በበርሊን ቤተ መዘክር የነበሩት የጀርመን የወፍ ሊቅ ኤርቪን ሽትሬዘማን፥ ከነዚህ የጠላት አገር ምርኮኞች ጋራ ደብዳቤ እየተጻጻፉ መጻሕፍትና በወፍ እግር ላይ የሚታሰር ቀለበት ልከውላቸዋል። ጦርነቱ በዚያ ሁሉ ግፍ መካከል እያለ፥ የአንዲት ትንሽ ወፍ ወሬ ድንበሩን ተሻገረ።

ዋተርስተን በምርኮ ሳለ ከጦርነቱ በኋላ የሚሠራውን ነገር በወረቀት ላይ ይነድፍ ነበር፤ ይኸውም በስኮትላንድ ሰሜን በኦርክኒና በሼትላንድ መካከል ባለችው ፌር አይል በምትባል ደሴት የወፍ መመልከቻ ቤት ማቆም ነው። በ1943 በሕመም ምክንያት ተለቅቆ አገሩ ገባ፤ በ1947 ደሴቲቱን ገዛት፤ በ1948 የባሕር ኃይል ትቶት በሄደው የእንጨት ቤት ውስጥ መመልከቻው ተከፈተ። ደሴቲቱ ርዝመቷ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል፥ ነዋሪዎቿም ከመቶ የማይሞሉ ናቸው፤ በሹራባቸው በዓለም የታወቁ ናቸው።

በዚያ መመልከቻ ቤት አንድ የተወደደ ልማድ ነበረ። እራት ከተበላ በኋላ እንግዳውም የቤቱ ሰውም በአንድ ክፍል ይሰበሰባል። የቤቱ ኃላፊ መዝገቡን ይዞ የወፎቹን ስም በተራ ይጠራል፤ ያየ ሰው ሁሉ ቍጥሩን ይናገራል። «በሰሜን ዐሥራ ሁለት።» «በደቡብ አራት።» «ከአራቱ ሁለቱ ከቀትር በኋላ ወደ ሰሜን ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፥ ሁለት ጊዜ እንዳይቈጠሩ።» በዚህ ጊዜ ሳቅም ሙግትም ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፥ ብርሃን በበራበት ክፍል ውስጥ ያላዩትን አየሁ ማለት ቀላል አይደለም። ሕፃን ልጅ እጁን አውጥቶ «እኔ አንድ አየሁ» ካለ ይጻፍለታል፤ የት እንዳየ ግን እንደ ትልቅ ሰው ይጠየቃል።

ያ ቤት በ1969ም በ2010ም እንደ ገና ተሠርቶ ነበር፤ በ2019 በመጋቢት ወር በእሳት ተቃጠለ። የሰው ሕይወት አልጠፋም። ከ1948 ጀምሮ በየምሽቱ የተጻፈውም ቃል አስቀድሞ ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ተገልብጦ ስለ ነበረ ከእሳቱ ድኗል።

ከላይ ያነሣናቸው ሊቅ ሽትሬዘማን በአገራችን ስማቸው የሚጠራባት ወፍ አለች። በቦረና ምድር በያቤሎ ዙሪያ ብቻ የምትኖር፥ ዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነች አመድማ የቍራ ዘመድ ናት፤ በ1938 ኤድጋርዶ ሞልቶኒ የተባለ የኢጣልያ ሊቅ በሳይንስ ስም ሲያወጣላት በሽትሬዘማን ስም ጠራት። ከዓለም ልዩ ልዩ ክፍል የሚመጡ ተመልካቾች ይህችን ለማየት ያቤሎ ድረስ ይወርዳሉ፤ የአገሩ ሰው ግን በየግራሩ ላይ ስለሚያያት ለምን እንደሚደክሙ እየገረመው ይመራቸዋል።

በአርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በነጭ ሳር ሜዳም ሌላ ታሪክ አለ። በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በሜዳው መንገድ ላይ መኪና የዳጣት አንዲት ወፍ አገኙ። ሌሊት የምትበርና ቀን መሬት ላይ ተለጥፋ የምትውል ዓይነት ናት። ከበድኗ ሊጠቅም የሚችለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበርና ያን ይዘው ሄዱ። ሊቃውንቱ ክንፉን ከታወቁት ሁሉ ጋራ አስተያይተው የሚመስለው ስላጡ በ1995 አዲስ ዓይነት ብለው ጻፉት፤ ያወጡለትም የሮማይስጥ ስም «አንድ ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። ሙሉዋን ወፍ ግን ያያት አልነበረም።

በ2009 አራት ወዳጆች፥ ሁሉም በወፍ ዕውቀት የቈዩ ሰዎች፥ ወደ ነጭ ሳር ወርደው ሌሊት በመብራት እየዞሩ ፈለጉ፤ አንዷንም እንዳዩ ተናገሩ። በድን አላመጡም። ከመካከላቸው ቨርነን ሄድ የተባለው የፍለጋውን ነገር በመጽሐፍ ጽፎታል። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ከወፊቱ ይልቅ አራቱ ሰዎች በመንገድ የተጫወቱትን፥ የበሉትንና የተሳሳቁትን ብዙ ያገኛል፤ የሚያስቈጣውም ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እነዚያን ገጾች አልዘለልናቸውም፤ አየን ያሉት አራቱ ምን ዓይነት ሰዎች እንደ ሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነውና።